ከርጭት እስከ ለቀማ ያሉት ቀኖች

በመቂና ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ዙሪያ፣ በስምጥ ሸለቆው ሜዳ ላይ፣ ከሐይቅና ከወንዝ በሞተር ውኃ እየተሳበ ብዙ ቲማቲም ይመረታል። ከዚያ የሚነሣው ጭነት ብዙው ወደ አዲስ አበባ ይገባል። በዚያ አገር ቲማቲም የሚለቀመው ገበሬው በቈረጠው ቀን አይደለም፤ ደላላው መኪና ይዞ በመጣበት ቀን ነው። ማታ ስልክ ይደወላል፤ ጧት መኪናው ከማሳው ዳር ይቆማል፤ ለቃሚዎችም የእንጨት ሣጥናቸውን ይዘው በየረድፉ ይገባሉ። ያ ማሳ ትናንት ወይም ከትናንት በስቲያ መድኃኒት ተረጭቶ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ገበሬው ያውቃል፤ ነገር ግን የበሰለ ቲማቲም እንደ ጤፍ በጎተራ ተከቶ የሚጠበቅ እህል አይደለም። ዛሬ ያልተለቀመው በጥቂት ቀን ውስጥ ይፈርጣል፤ ዋጋውም ከሳምንት እስከ ሳምንት አይታመንም። ስለዚህ ይለቀማል፣ ይጫናል፣ በማግሥቱም በከተማው ገበያ ይዘረገፋል።

በአትክልትና በፍራፍሬ ላይ ስለሚቀረው መርዝ የሚነገረው ነገር ብዙ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በመድኃኒቱ ጠርሙስ ወይም ከረጢት ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው አንድ ቍጥር ነው። ይኸውም ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ድረስ ሊቆዩ የሚገባው የቀን ብዛት ነው። ለአንዱ መድኃኒት 3 ቀን፣ ለሌላው 7፣ ለሌላውም 14 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ቍጥሩ እንዲያው በግምት የተጻፈ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በፍሬው ላይ ያረፈው መርዝ ከተፈቀደው ወሰን በታች እንዲወርድ በማሳ ላይ ተፈትኖ የተወሰነ ነው።

የተረጨ መድኃኒት ከዕለቱ ጀምሮ መቀነሱ አይቀርም። የፀሐይ ብርሃን ይሰባብረዋል፤ ሙቀትና ነፋስ ያተነዋል፤ ዝናብ ያጥበዋል፤ ተክሉም ራሱ ወደ ውስጥ የገባውን እየለወጠ ኀይሉን ያደክመዋል። ፍሬው ሲያድግ ደግሞ ያው መርዝ በሚበልጥ ክብደት ላይ ስለሚበተን ድርሻው ያንሳል። ለምሳሌ በየ3 ቀኑ በግማሽ የሚወርድ መድኃኒት ቢኖርና በርጭቱ ዕለት በአንድ ኪሎ ቲማቲም ላይ 8 ሚሊግራም ቢያርፍ፣ በ3ኛው ቀን 4፣ በ6ኛው 2፣ በ9ኛው 1 ሚሊግራም ብቻ ይቀራል። በማግሥቱ የለቀመ ሰው ለገበያ ያቀረበው ከ6 ሚሊግራም በላይ የተሸከመ ቲማቲም ነው፤ 9 ቀን የታገሠው ግን 1 ሚሊግራም የቀረበትን። በሁለቱ መካከል የመሣሪያም ሆነ የሙያ ልዩነት የለም፤ ልዩነቱ ትዕግሥት ብቻ ነው። ይህ ትዕግሥት ለምን እንደሚከብድ ከዚህ በታች ይነገራል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። መድኃኒት ሁሉ በአንድ ዐይነት መንገድ አይሠራም። አንዳንዱ በቅጠሉና በፍሬው ገጽ ላይ ብቻ ተለጥፎ ይቀራል። በገበያ ላይ በቲማቲም ቆዳ ላይ የሚታየው ቢጫማ ወይም ነጣ ያለ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ የዚህ ወገን ነው፤ በተለይም ማንኮዜብ የሚባለው የሻጋታ መከላከያ ዱቄት እንዲህ ያለ ምልክት ይተዋል። ሸማች ይህን ሲያይ ይደነግጣል፤ መደንገጡም አይነቀፍም። ሆኖም በዐይን የሚታየው በውኃ ከሚለቁት መካከል ነው። ሌላው ወገን በሥር ወይም በቅጠል በኩል ወደ ተክሉ ውስጥ ገብቶ ከውኃው ጋር እስከ ፍሬው ይዘዋወራል። እርሱ ምልክት የለውም፤ ቢያጥቡት አይለቅም፤ ቢልጡትም አይወገድም።

የዚህ የሁለተኛው ወገን አደጋ በግልጽ የታየው በ1985 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። በሐምሌ መጀመሪያ፣ አሜሪካውያን የነጻነታቸውን ቀን በሚያከብሩበትና ሐብሐብ በብዛት በሚበላበት ሰሞን፣ ሐብሐብ የበሉ ሰዎች ማስታወክ፣ ማላብና መንቀጥቀጥ ያዛቸው። ሲመረመር በሐብሐቡ ሥጋ ውስጥ አልዲካርብ የተባለ ብርቱ መርዝ ተገኘ። አልዲካርብ በአፈር ውስጥ ተጨምሮ በሥር በኩል የሚገባ መድኃኒት ሲሆን፣ በሐብሐብ ላይ እንዲውል ፈጽሞ አልተፈቀደም ነበር። ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ በገበያና በማሳ ላይ የነበረው ሐብሐብም እንዲጠፋ ተደረገ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ሐብሐቡን ከመብላቱ በፊት በጥንቃቄ ያጠበው ካልታጠበው የተሻለ ዕድል አልነበረውም፤ መርዙ የነበረው በልጣጩ ላይ ሳይሆን በሥጋው ውስጥ ነበርና።

ነገሩ እዚህ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ፓውል ሙለር ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል በ1939 ባወቀ ጊዜ፣ ግኝቱ ታይፈስንና ወባን ለመቋቋም የሰጠው ጥቅም ታላቅ ስለ ነበረ በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዲዲቲ ርካሽ ነበር፤ የሚረጨውን ሰው ወዲያውኑ አያሳምምም፤ በአንድ ጊዜ ርጭትም ለብዙ ወራት ይሠራል። ይህ በመጨረሻ የተቈጠረው መልካም ጠባዩ ነው ጥፋቱም የሆነው። ዲዲቲ ቶሎ አይፈርስም፤ በውኃ አይሟሟም፤ ወደ እንስሳና ወደ ሰው ስብ ገብቶ ይከማቻል። ራቸል ካርሰን የምትባለው አሜሪካዊት ጸሐፊ በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ለሕዝብ ገለጸች፤ አሜሪካም በ1972 በእርሻ ላይ እንዳይውል ከለከለች። በ2001 በስቶክሆልም የተፈረመውና በ2004 በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ ዲዲቲን እንደ ወባ ያሉትን በሽታዎች የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ እንዲውል ወሰነው።

ይሁን እንጂ ለወባ ተብሎ የተሠራ ነገር በወባ ቤት ብቻ አይቀርም። በኢትዮጵያ ከዝዋይ አጠገብ በአዳሚ ቱሉ የሚገኘው ፋብሪካ ለቤት ግድግዳ ርጭት የሚውለውን ዲዲቲ ያዘጋጅ በነበረበት ዘመን፣ ከዚያ ውስጥ ከፊሉ በስርቆሽ ወደ አትክልትና ወደ ጫት ማሳ ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ምርመራዎች በዝዋይ ሐይቅ ዓሣ፣ በጫት ቅጠል፣ በጅማና በአካባቢዋም በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት ተገኝቷል። ጫት ሳይታጠብና ሳይበስል፣ በተቈረጠ በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚታኘክ ቅጠል መሆኑን ለሚያስብ ሰው የዚህ ትርጕም ሩቅ አይደለም።

በዲዲቲ ቦታ የገቡት እንደ ማላቲዮን፣ ዳይሜቶኤት፣ ፕሮፌኖፎስና ክሎርፒሪፎስ ያሉት ናቸው። እነዚህ ከዲዲቲ ይልቅ ቶሎ ይፈርሳሉ፤ በዚህ ይሻላሉ። ነገር ግን የነርቭን ሥራ የሚገድቡ ስለ ሆኑ በትኵስነታቸው ይበልጥ ይጎዳሉ። እንግዲህ የቀን ቍጥር ከቀድሞው ይልቅ ትልቅ ነገር የሆነው በእነርሱ ዘመን ነው፤ በዲዲቲ ጊዜ ሳምንት መቆየት ብዙም አይጠቅምም ነበር፤ በእነዚህ ግን አንድ ሳምንት ማለት በመርዝና በምግብ መካከል ያለ ድንበር ነው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዘመናቸው እያለፈ ነው፤ የኤውሮጳ ኅብረት ለክሎርፒሪፎስ የሰጠውን ፈቃድ በ2020 አላደሰም፤ በ2025ም የስቶክሆልም ስምምነት አባል መንግሥታት፣ ለጥቂት ጕዳዮች ልዩ ፈቃድ ትተው፣ ሊወገዱ በሚገባቸው ዝርዝር ውስጥ አገቡት።

የሚፈቀደው መጠን እንዴት እንደሚወሰንም ማወቅ ይጠቅማል፤ በዚህ ነገር ያለው ክርክር ብዙው ካለማወቅ የሚመጣ ነውና። ሊቃውንቱ መድኃኒቱን በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ እየፈተኑ ምንም ጉዳት ያልታየበትን ከፍተኛ መጠን ይለያሉ፤ ያንንም አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ያካፍሉታል። ሰው ከእንስሳው ይልቅ ደካማ ቢሆን ተብሎ 10 እጅ፣ ከሰውም መካከል ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ አለና ሌላ 10 እጅ ይቀነሳል። የተገኘው ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም የሚባለው መጠን ነው። በገበያ ላይ የሚመረመረው የቅሪት ወሰን ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ የሚወሰነው መድኃኒቱ በትእዛዙ መሠረት ቢረጭና ቀኑ ቢጠበቅ በፍሬው ላይ የሚቀረው ስንት ነው ተብሎ ነው። ስለዚህ ከወሰኑ ያለፈ ቲማቲም የበላ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ወሰኑ ሲታለፍ በማሳው ላይ ሥርዐት እንደ ፈረሰ ይታወቃል። በ1963 በተባበሩት መንግሥታት የእርሻና የምግብ ድርጅትና በዓለም የጤና ድርጅት የተቋቋመው ኮዴክስ የሚባለው ኮሚሽን እነዚህን ወሰኖች ለዓለም ንግድ ያወጣል። የኤውሮጳ ኅብረት ደግሞ ይበልጥ ያጠብቃል፤ ተለይቶ ወሰን ላልወጣለት መድኃኒት ሁሉ የሚፈቅደው በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ብቻ ነው። ይህም በ100 ቶን አትክልት ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው።

ይህ ጥብቅነት ምን እንደሚያደርግ የኬንያ ገበሬዎች ያውቁታል። ኬንያ ፎሶሊያና አተር በአውሮፕላን ወደ ኤውሮጳ በመላክ ለብዙ ዓመታት የታወቀች አገር ናት፤ ከዚያም ንግድ የሚኖሩ ትንንሽ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች ብዙ ነበሩ። በ2012 በፎሶሊያው ላይ በተለይ ዳይሜቶኤት ከወሰን በላይ እየተገኘ ስለ መጣ፣ ከ2013 መጀመሪያ ጀምሮ ከኬንያ ከሚገባው ፎሶሊያና አተር ከመቶ 10ሩ ጭነት በኤውሮጳ በር ላይ እየቆመ እንዲመረመር ታዘዘ። ፎሶሊያ በበር ላይ ሲቆም ይጠወልጋል፤ የምርመራውም ዋጋ ከባድ ነው። ላኪዎች በዚህ ጊዜ ያደረጉት በየማሳው እየዞሩ ርጭቱን ሊቈጣጠሩላቸው ከማይችሉ ከብዙ አነስተኛ ገበሬዎች መግዛትን መቀነስ ነበር። ቀኑን በጥንቃቄ ይጠብቅ የነበረው ገበሬም ካልጠበቀው ጎረቤቱ ጋር አብሮ ወጣ፤ የጠበቀበትን ቀን በጽሑፍ ይዞ የሚያሳየው ማስረጃ አልነበረውምና።

ወደ ስምጥ ሸለቆው ቲማቲም ስንመለስ ከዚህ የተለየ ሁኔታ እናገኛለን። ያ ቲማቲም የሚበላው በአገር ውስጥ ነው፤ በበር ላይ የሚያቆመው የለም። የ2002 ዓመተ ምሕረት፣ ማለት የ2010፣ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 674 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይገባና እንዳይሸጥ ከለከለ። ዐዋጁ በመድኃኒቱ ላይ በር አበጅቷል፤ በቲማቲሙ ላይ ግን በየቀኑ ቆሞ የሚጠብቅ በር የለም። ለውጭ አገር ሸማች ቀኑን የሚቈጥርለት ሰው አለ፤ ለመርካቶዋ እመቤት የሚቈጥርላት ገበሬው ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በገበሬው ትከሻ ላይ መጫን ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ገበሬው እንዲህ የሚረጨው ለምን ነው? ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የቲማቲም የእሳት ራት ከደቡብ አሜሪካ ተነሥታ በ2006 ወደ ስፔን፣ በ2012 ወደ ኢትዮጵያ ገባች። ትሏ ከዕንቍላሏ እንደ ወጣች ቅጠሉን ሰርስራ በሁለቱ ገጾች መካከል ትኖራለች፤ ፍሬውንም ትበሳለች። በቅጠሉ ውስጥ ስለ ተሸሸገች በላይ የሚረጨው አያገኛትም፤ ሙቀት በበዛበት አገር ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ትውልድ ትተካለች፤ ብዙዎቹንም የቈዩ መድኃኒቶች ተላምዳቸዋለች። አንድ ማሳ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እሳት እንደ ላሰው ሲሆን ያየ ገበሬ፣ ቤተ ሰቡ የሚኖረው በዚያ ማሳ ሲሆን፣ ለዘሩና ለናፍጣውም ተበድሮ ሳለ፣ ሁለት ሦስት መድኃኒት በአንድ በርሜል ደባልቆ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢረጭ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚመክረውም ብዙ ጊዜ የእርሻ ባለሙያ ሳይሆን መድኃኒቱን የሚሸጥለት ባለሱቅ ነው። የባለሱቁ ምክር ደግሞ ከመሸጥ አያልፍም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቲማቲም የራሱ ጠባይ ነው። ስንዴ አንድ ጊዜ ይታጨዳል፤ ቲማቲም ግን መብሰል ከጀመረ በኋላ በየ3 ወይም በየ4 ቀኑ ለብዙ ሳምንት ይለቀማል። እንግዲህ 7 ቀን መቆየት የሚፈልግ መድኃኒት ለቀማ በተጀመረበት ማሳ ላይ ቢረጭ ቢያንስ አንድ ለቀማ መቅረት አለበት፤ 14 ቀን የሚፈልገው ቢረጭ ሦስት ለቀማ ያህል ይጠፋል። ገበሬው ይህን ሒሳብ ሲያየው አንደኛውን ይመርጣል፤ ወይ ቲማቲሙን ያጣል፤ ወይ ቀኑን ይዘላል። ማንም ሰው ቢሆን የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያስቸግርም። «ቀኑን ጠብቅ» ብሎ መምከር ብቻ የማይበቃው ስለዚህ ነው፤ ለቀማው ራሱ ቀኑ እንዲጠበቅ ሆኖ መታቀድ አለበት።

የመጀመሪያው መንገድ መድኃኒቶቹን በየጊዜያቸው መከፋፈል ነው። ረጅም ቀን የሚፈልጉት ሁሉ ፍሬው ገና ሳይዝ ወይም ለጋ ሳለ ይጨረሱ። ለቀማ ከተጀመረ በኋላ አጭር ቀን ያላቸው ብቻ ይግቡ። ባሲለስ ቱሪንጀንሲስ ከሚባለው ባክቴሪያ የሚዘጋጀው መድኃኒት ትሎችን ይገድላል፤ ሰውን ግን ስለማይጎዳ ብዙውን ጊዜ የመቆያ ቀን አይጠየቅበትም። ይህ መድኃኒት ትሏ ለጋ ሳለች ካልተረጨ ግን ብዙ አይረዳም። የወንዶቹን የእሳት ራቶች በሴቴዋ ጠረን እየሳበ የሚይዝ ወጥመድ በማሳው ውስጥ ቢሰቀል፣ ራቶቹ መብዛት የጀመሩበት ቀን ይታወቃል፤ ያን ጊዜ በጭፍን በየሳምንቱ መርጨት ይቀራል። የተሰረሰረውን ቅጠል ቀጥፎ መቅበርና ቲማቲም በተነሣበት መሬት ላይ ወዲያው ቲማቲም ወይም ድንች አለመትከል ደግሞ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛው መንገድ ከርጭት በፊት መልቀም ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን የብዙ ማሳ ልማድ በተቃራኒው ነው፤ ረጭቶ፣ ትሉ ሲሞት አይቶ፣ ከዚያ መልቀም። ሊረጭ ያሰበ ገበሬ በዚያው ጧት የቀላውን ብቻ ሳይሆን ጕንጩ ገና ሊቀላ የጀመረውን ጭምር ቢለቅም፣ ይህ በጥላ ሥር ሆኖ እየበሰለ ለብዙ ቀን ይቆይለታል። ከሰዓት በኋላ ቢረጭ፣ በማሳው የቀረው አረንጓዴው ነውና ሳምንት መቆየቱ ኪሳራ አይሆንበትም።

የሚረጨውንም ሰው መዘንጋት አይገባም። በሸማቹ ቲማቲም ላይ የሚገኘው ሚሊግራም ነው፤ በጀርባው መርጫ አዝሎ፣ ባዶ እግሩን፣ ከነፋሱ በተቃራኒ እየሄደ የሚረጨው ሠራተኛ በቆዳውና በትንፋሹ የሚወስደው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ራስ ምታት፣ የዐይን ብሌን መጥበብ፣ ምራቅና ላብ መብዛት፣ ማስታወክ ከርጭት በኋላ ቢታይ ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት፤ የመድኃኒቱም ጠርሙስ አብሮ ይያዝ፤ ሐኪሙ የመርዙን ዐይነት ካወቀ ማርከሻውን መስጠት ይቻለዋልና። ባዶው ጀሪካንም ቢታጠብ ለውኃ ወይም ለዘይት አይሆንም። በሕንድ በቢሃር ክፍለ ሀገር በ2013 በትምህርት ቤት ምሳ የበሉ 23 ሕፃናት ሞተዋል፤ በምግቡ ዘይት ውስጥ የተገኘው ሞኖክሮቶፎስ የተባለ የተባይ መርዝ ነበር። ዕቃው ተበስቶ እንዳይሠራ መደረግ አለበት።

አሁን ደግሞ ወደ ወጥ ቤት። በአሜሪካ የኮኔቲከት የእርሻ ምርምር ጣቢያ በ2000 ባወጣው ጽሑፍ፣ በቧንቧ ውኃ በመታጠብ ከ12 መድኃኒቶች የ9ኙ ቅሪት ቀንሷል፤ ክሎርፒሪፎስ ካለባቸው ከቀሩት 3ቱ ግን መታጠቡ ያመጣው ለውጥ አልታየም። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በ2017 በፖም ላይ የተደረገው ፈተና ደግሞ 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ በጥብጦ ፖሙን ለ12 እስከ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ ከተራ ውኃ ይልቅ በገጹ ላይ ያለውን መርዝ እንደሚያስለቅቅ አሳይቷል፤ ወደ ልጣጩ ውስጥ የገባውን ግን አላወጣውም። እንግዲህ ማጠብ ይጠቅማል፤ በሚፈስ ውኃ፣ በእጅ እያሹ፣ ከመቈረጡ በፊት። ሳሙና አያስፈልግም፤ የፍሬው ቆዳ ሳሙናውን ይጠጣዋል። የጥቅል ጎመን የውጭ ቅጠሎች ይጣሉ፤ መርዙን የተቀበሉት እነርሱ ናቸው። ሰላጣና ቆስጣ ግን ገጻቸው ሰፊ፣ የሚበላውም ያው የተረጨው ቅጠል ስለ ሆነ ከሽንኩርትና ከካሮት ይልቅ ብዙ መታጠብ ይፈልጋሉ።

ማብሰል ብዙውን ይሰባብራል፤ ሁሉንም አይደለም። በላይ የተነገረለት ማንኮዜብ በእሳት ሲፈላ ኢቲዩ ወደሚባልና የዕንቅርት እጢን ሥራ ወደሚያውክ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ ስለዚህ ነጠብጣቡ ያለበት ቲማቲም ወደ ድስት ከመግባቱ በፊት መታጠብ አለበት፤ በኋላ አይደለም። ስለ በርበሬ ደግሞ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ቀዩ በርበሬ ሲደርቅ ውኃው ይሄዳል፤ መርዙ ግን ከውኃው ጋር አብሮ አይሄድም፤ ከብዙ ኪሎ እርጥብ በርበሬ ላይ የነበረው በአንድ ኪሎ ደረቅ ላይ ይሰበሰባል። በርበሬ የሚተክል ገበሬ ስለዚህ ከቲማቲም ገበሬ ይልቅ ቀኑን ሊያጠብቅ ይገባዋል። ይህ ሁሉ ሲባል አትክልት መብላት ይቅር ማለት አይደለም፤ ልጆች ከአትክልት ቢርቁ የሚደርስባቸው ጉዳት የታወቀ ነው።

የቀኑ ነገር በገበሬው ማሳ ላይ በዐይን እንዲታይ ማድረግ ከባድ አይደለም። ማሳው በሦስት ይከፈል፤ በእያንዳንዱም ዳር አንድ እንጨት ይተከል። ክፍሉ ከተለቀመ በኋላ በተረጨ ጊዜ በእንጨቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር፤ የመድኃኒቱ ስምና የርጭቱ ዕለት በደብተር ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችልም ልጁ ይጽፍለት። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን ሲሞላ ጨርቁ ይውረድ። ሦስቱ ክፍሎች በየተራ እንጂ በአንድ ቀን ስለማይረጩ፣ ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ ጨርቁ የወረደለት ይሆናል። የአንድ ክፍል ቲማቲም መኪና አይሞላም የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ሦስት ጎረቤታሞች ቀናቸውን አስማምተው ቢረጩ ግን ደላላው በደወለበት ማታ ከሦስቱም ማሳ ጨርቅ የሌለበት ክፍል ይገኛል፤ ለቃሚዎቹም ጧት ሣጥናቸውን ይዘው ወደዚያው ይገባሉ።